ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ፦ አስኳል የሚቆጥረው ጊዜ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለታይሮይድ ዕጢና ለአጥንት ምርመራ ሲያገለግል የኖረ ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለ። የግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ከጧቱ በ3 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጅቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ ተላከ እንበል። እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ 71 በመቶው ተርፏል፤ በማግሥቱ ጧት በ3 ሰዓት ግን የሚቀረው 6 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ታካሚው ወደ አዲስ አበባ ይሂድ ወይስ መድኃኒቱ ወደ አምቦ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው መንገዱ ብቻ ሳይሆን የአቶሙ አስኳልም ነው።

ለመሆኑ ይህ 6 ሰዓት ከየት መጣ? ትርፍ ጉልበት የያዘ አስኳል ጉልበቱን በጋማ ጨረር መልክ አውጥቶ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል። ይህ ኤሌክትሮማግኔታዊ ሽግግር ይባላል። ቴክኒሺየም-99ኤም በአብዛኛው የሚወርደው በሁለት እርከን ነው። የመጀመሪያው ሽግግር 2.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሆስፒታሉ ካሜራ የሚቀበለው የ140.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ነው። የላይኛው ደረጃ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት፣ የመካከለኛው ግን 0.2 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው፤ ልዩነቱ መቶ ትሪሊዮን እጥፍ ይሆናል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሽግግር የአስኳሉ ሽክርክሪት በ3 አሐድ መለወጥ አለበት፤ በሁለተኛው በ1 ብቻ። ሁለተኛ፣ እንደ መጀመሪያው ባለ ሽግግር ጉልበቱ በግማሽ ቢቀንስ ጋማ የመውጣቱ ዕድል 128 ጊዜ ይቀንሳል።

የሽግግር ጥንካሬ የምንለው ይህን የጉልበት ተጽዕኖ ካስወገድን በኋላ የሚቀረውን የአስኳሉን የራሱን ባሕርይ ነው። እርሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን እንለካለን፦ የደረጃውን ዕድሜ፣ የሽግግሩን ጉልበት፣ እንዲሁም ከጠቅላላው ስንቱ በጋማ እንደሚወጣ። ሦስተኛው የሚያስፈልገው አስኳሉ አንዳንዴ ጋማ በማውጣት ፈንታ ጉልበቱን ለራሱ አቶም ኤሌክትሮን ስለሚያስረክብ ነው፤ የ2.2ቱ ሽግግር ከሞላ ጎደል የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው።

ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ከሆነ የጨረር መቁጠሪያና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። በናኖ ሰከንድ ሲሆን ቀድሞ የሚወጣው ጨረር የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ያስነሣል፤ ተከታዩ ጋማ ያቆመዋል። ከዚያም ሲያጥር፣ እየበረረ ካለ አስኳል የሚወጣው ጋማ ጉልበቱ በዶፕለር ሕግ ምን ያህል እንደተዛወረ ይታያል።

የተገኘው ጥንካሬ የሚመዘነው ቪክቶር ቫይስኮፕፍ በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ነው፤ ይኸውም አንድ ፕሮቶን ብቻውን ቢንቀሳቀስ ጥንካሬው ስንት ይሆን ነበር የሚል ነው። ልኬቱ ለግምቱ ከቀረበ ሥራው የአንድ ቅንጣት ነው። በአንዳንድ አስኳሎች እንደሚታየው መቶ እጥፍ ከበለጠ ግን ብዙ ቅንጣቶች በኅብረት ይንቀሳቀሳሉ፤ አስኳሉም ከክብ ቅርጽ ወጥቶ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው።

የቴክኒሺየም የላይኛው ደረጃ ዕድሜ እንደ መካከለኛው ቢያጥር ኖሮ መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ሳይወጣ ባለቀ ነበር፤ ዓመታት ቢቆይ ደግሞ ታካሚው ጨረሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። ሐኪሙ የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ነው።