«ከኋላ ተለጥፎ የሚነዳ ሌባ ነው»፦ በቡድን ብስክሌት ስለመንዳት የሚባለውና እውነቱ

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ ነው፣ የደጋ ሰው በእግሩ እንጂ በጎማ አይታወቅም ይባላል። መርጡለ ማርያም ላይ አምስት ስድስት ወጣቶች ተጠራርተው «ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንለማመድ» ቢሉ መጀመሪያ የሚሰሙት ይህንኑ ነው፤ «ሥራ ፈት» የሚለው ደግሞ ይከተላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። ከሯጮቹ ጋር አብረው ከተጓዙት መካከል እነ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ብስክሌተኞች ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ገረመው ሮምም ላይ ተወዳድሯል። ከብዙ ዓመት በኋላ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በራሳችን ክልል ባሕር ዳር ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ወጥቶ በብስክሌት ይገባል። እኛ ያልለመድነው ተሰባስቦ፣ ተራ ተከፋፍሎ መንዳቱን ነው፤ የተሳሳተው እምነትም የበዛው እዚያው ላይ ነው።

«ከኋላ የተለጠፈ የሰው ጉልበት ይሰርቃል»

በቡድን ስለመንዳት ከሚነገረው ሁሉ እንደዚህ ጎጂ የለም ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያምን ቡድን መጨረሻው ይታወቃል። ጉልበተኛው ልጅ ከከተማ ሲወጣ ጀምሮ ፊት ወጥቶ ይመነጥቃል፤ ደካማው ከኋላው መጠጋትን እንደ ነውር ስለሚያየው ለብቻው ከነፋስ ጋር ሲታገል ይቀራል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ጉልበተኛው ብቻውን ነው።

ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያወጣው አየር ለመግፋት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት የሚጠየቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከፊት ያለው አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከኋላው ጸጥ ያለ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው በተመሳሳይ ፍጥነት እየሄደ ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። በ2018 በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቤርት ብሎከንና ባልደረቦቻቸው 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን ጭፍራ መርምረው ነበር። መሐል ላይ የተሸሸጉት የሚገጥማቸው የአየር ግፊያ ለብቻው የሚነዳ ሰው ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት። ለክርክራችን ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከኋላ የተጠጋ ሰው የፊተኛውን አያደክመውም። እንዲያውም ከፊተኛው ጀርባ የሚፈጠረውን ወደ ኋላ የሚስብ አየር ስለሚሞላለት በጥቂቱም ቢሆን ያቀልለታል። የተሰረቀ ጉልበት የለም።

ጎጃም ውስጥ ወንፈል የገባ ገበሬ ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ሲያርም ውሎ ጉልበቴን ተበላሁ አይልም፤ ተራው ሲደርስ ይመለስለታል። በቡድን መንዳትም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ተራው በደቂቃ መቆጠሩ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ከመርጡለ ማርያም ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ላይ ስድስት ሆናችሁ ወጣችሁ እንበል። በአንድ መስመር ትሰለፋላችሁ። በመካከላችሁ ለጀማሪ አንድ ሜትር ያህል ይበቃል፤ መተማመኑ ሲመጣ ይጠባል። ፊት ያለው ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይ። ሲበቃው ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቶ፣ በክንዱ ምልክት ሰጥቶ ወደ ጎን ይወጣል፤ ፍሬን ሳይነካ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ እስከ ጭራው ድረስ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ሁለተኛ የነበረው ፊት ሲሆን «አሁን ልያችሁ» ብሎ ይፈተለካል። አይደለም፤ ፍጥነቱ እንዳለ ይቀጥላል። ከጎን እየተመለሰ ያለው ሰው ደክሞታል፤ ያኔ ከተፈተለከበት ጭራውን ሳይዝ ይቀራል። የደከመው ልጅ ተራው ሲደርስ አሥር ሰከንድ ብቻ ፊት ታይቶ ቢወጣ ማንም ቅር አይበለው፤ ጨርሶ ፊት ባይወጣም ይሁን። የእሱ ሥራ እስከ መጨረሻው አብሮ መገኘት ነው።

የፊት ጎማችሁ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን እንዳይደራረብ ተጠንቀቁ። ሁለቱ ጎማዎች ከተነካኩ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ነው፤ መሪው ከእጁ ይወጣል። ዓይናችሁንም ከፊታችሁ ባለው ጎማ ላይ አትትከሉ፤ ከሰውየው ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ ተመልከቱ። ፊት ያለው ደግሞ ለሁሉም ዓይን ነው፤ «ጉድጓድ!»፣ «ጠጠር!»፣ «አህያ!» እያለ ይጮኻል፤ ኋላ ያለው «መኪና!» ይላል። በገበያ ቀን መንገዱ ላይ የተጫነ አህያና የበግ መንጋ ስለሚበዛ የመስመር ልምምድን ለሌላ ቀን ማድረግ ይሻላል። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ነው፤ ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው ቅዳሜ ማለዳ ወይም እሑድ ከሰዓት ነው።

ዳገት ላይ ግን ሕጉ ይለወጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ዋናው ሸክም የምድር ስበት ስለሆነ ከሰው ጀርባ መሸሸግ እምብዛም አይጠቅምም። ሁሉም በየትንፋሹ ይውጣ፤ ቀድሞ የደረሰ ዳገቱ አናት ላይ ይጠብቅ። የኋለኛው ሲደርስም ወዲያው «እንሂድ» አይባልም። እሱም እንደ ሌላው ትንፋሹን ይሰብስብ።

«ደጋ የተወለደ ልምምድ አያስፈልገውም»

ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ ግን አየሩ ስለሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የሳሳ አየር ለብስክሌተኛ ሁለት ፊት አለው፤ ትንፋሽ ይነሳል፣ መንገድ ግን ይከፍታል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን 49.431 ኪሎ ሜትር ያደረሰው ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው። ከተማዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ለመግፋት ቀላል ነበር። በ2019 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ኢጋን ቤርናል ያደገው በኮሎምቢያዋ ዚፓኪራ፣ 2,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ የአስመራ ልጅ ነው። ሁለቱም ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያሠለጥናቸው፣ የሚያወዳድራቸውና ቅዳሜና እሑድ አብሯቸው የሚነዳ ሰው ነበራቸው። ኮሎምቢያም ኤርትራም ብስክሌት የአገር ስፖርት የሆነባቸው ናቸው። ከፍታው ለእኛም አለ። የጎደለን አብሮ የሚነዳው ነው።

«ካልተቃጠልክ አልተለማመድክም» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ ስፖርተኞች የልምምዳቸውን 80 በመቶ ገደማ የሚሠሩት በቀላል ፍጥነት ነው። መለኪያው ወሬ ነው፤ እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ለመሽቀዳደም በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ከባዱን ማርሽ አስገብቶ ዳገት መግፋትም ጉልበትን ከመጉዳት በቀር ጀግንነት የለበትም። ቀላሉን ማርሽ አስገብታችሁ እግራችሁ ቶሎ ቶሎ ይዙር።

«እንጀራ ከባድ ነው፣ ጥሬ ሥጋና ወተት ነው ጉልበት»

ለረጅም መንገድ ጡንቻ የሚፈልገው ነዳጅ ከእህል የሚገኘው ነው። ጤፍም ገብስም ይህን ይሰጣሉ። ሥጋና ስብ ለመፈጨት ጊዜ ይወስዳሉ፤ በልቶ ወዲያው መውጣት ሆድን ከማስጨነቅ አያልፍም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚነዳ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢወስድ አይዝልም። ይህንን ከውጭ በሚመጣ እሽግ ምግብ ማግኘት ግድ አይደለም። መንገደኛ ስንቁ አድርጎት የኖረው በሶ እዚሁ አለ። 50 ግራም ያህል በሶ ቀጠን አድርጎ በውሃ መበጥበጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መጨመር (ማሩ ብቻውን 17 ግራም ገደማ ስኳር አለው)፣ ቁንጥር ጨው ጣል ማድረግ፤ የአንድ ሰዓት ስንቅ ሆነ። ወፍራም ከሆነ ሆድ ስለሚነፋ ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። እየነዱ ውሃ መጠጣት ጎን ይወጋል የሚባለው አንድ ጊዜ ብዙ ለሚጋት ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በየአሥር በየአሥራ አምስት ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ የሚጎነጭ ግን አይወጋውም።

ጾምን በተመለከተ «ጾመኛ ስፖርት አይሠራም» የሚሉ አሉ፤ «ጾሜን ሆኜም እንደ ወትሮዬ እነዳለሁ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አያስኬዱም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ልምምድን ማቆም አያስፈልግም። ግን እህል ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ መንዳት ራስን አዙሮ ይጥላል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ቀለል ያለውን ልምምድ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ ጠንከር ያለውን ከተፈታ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ሽሮውና ምስሩ ለጡንቻ የሚሆነውን ይሰጣሉ። ቡድኑም ለዚያ ሰሞን ሰዓቱን ቢለውጥ ማንም የሚጎዳ የለም።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል»

ይህ እምነት ሰው ይጎዳል። ስትቆሙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ በደረቅ መንገድ ብስክሌትን በዋናነት የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ለመቆም እጥፍ ያህል ርቀት ይፈጅበታል፤ ጎማውም ይንሸራተታል። የሚገለብጠው ሰውነትን ወደ ፊት ጥሎ በድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ሁለቱንም ቀስ በቀስ ጨምቁ። ጠጠር ላይና ጥምዝ ውስጥ የፊቱን ቀለል አድርጉት፤ ፍጥነቱን ጥምዙ ሳይደርስ ጨርሱት።

ከአምባው ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት መንገዶች ረጅም ናቸው። ፍሬኑን ሳትለቁ ከያዛችሁት ቸርኬው ይግላል፤ በጣም ከጋለ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው። የብረት ቸርኬ ያለው አሮጌ ፊኒክስ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ አይይዝም፤ በክረምት በእሱ ረጅም ቁልቁለት አትውረዱ። ቁልቁለት ላይ መጠጋትም የለም፤ በመካከላችሁ ቢያንስ አንድ መኪና የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሄልሜት ለተወዳዳሪ ነው ለሚል ደግሞ፣ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አጥብቀው ሲቃወሙት ቆይተው በ2003 ብስክሌተኛው አንድሬ ኪቪሌቭ ፓሪስ ኒስ በሚባለው ውድድር ላይ ያለ ሄልሜት ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው ግዴታ የሆነባቸው።

ጎማም እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ይፈጥናል ይባላል። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። በኮብልስቶንና በጠጠር ላይ ግን ብስክሌቱ ስለሚዘል ጉልበት ይባክናል። ጎሚስታው ሲነፋላችሁ በአውራ ጣት ስትጫኑት ጥቂት እሺ የሚል ይሁን።

«ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ድንግልናዋን ታጣለች»

ስንት ልጅ ከብስክሌት ያራቀ ወሬ ነው። ድንግልና በአካል ምርመራ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 ይህን ምርመራ የሕክምና መሠረት የሌለው ነው ብለው እንዲቀር ጠይቀዋል። የሴት ልጅ አካል ከተፈጥሮው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ስለ ማንም ሕይወት የሚናገረው ነገር የለም። የወንድን ወሲባዊ አቅም ያጠፋል የሚለውም ቢሆን፣ በ2018 የታተመ ከ2,700 በላይ ብስክሌተኞችን ከዋናተኞችና ከሯጮች ጋር ያነጻጸረ ጥናት የብስክሌተኞቹ ወሲባዊ ጤና ከሌሎቹ የባሰ ሆኖ አላገኘውም። የመደንዘዝ ስሜት ግን ብስክሌተኞቹ ላይ በዝቶ ታይቷል፤ ለወንድም ለሴትም ቢሆን መደንዘዝ ኮርቻው እንዳልተስተካከለ ይናገራል።

ሰላም አምሃ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በጎዳና ብስክሌት ኢትዮጵያን ወክላለች። እየሩ ገብሩ በፓሪስ 2024 በስደተኞች ቡድን ተወዳድራለች። ሁለቱም አንድ ቀን ከሰፈራቸው ወጥተው ከሌሎች ጋር መንዳት የጀመሩ ልጆች ነበሩ። በቡድን መንዳት ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ ላይ የሚገጥማትን ልክፍትና ፍርሃት ስለሚቀንስ፣ መርጡለ ማርያም ላይ የሚጀመር ቡድን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ሴቶችን ቢያካትት ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ብስክሌቱን ለእህቱ የሚያውስ ወንድምም ኮርቻውን በእሷ ቁመት ልክ ያድርግላት፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዟ ፔዳሉን ነክቶ እግሯ ቀጥ ይበል፤ ኮርቻው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ጠፍጣፋ ይሁን።