የጋራ ሣር ያለ ደንብ አይከርምም

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጓሳ ለአካባቢው ገበሬ የቤት ክዳን፣ የገመድ፣ የግጦሽና የማገዶ ምንጭ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል።

ሥፍራው ለዘመናት የተጠበቀው ቄሮ በተባለ ሥርዓት ነበር። ባለርስቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ እንዲያገግም ሥፍራውን 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋሉ፤ ሲደርስም ቀን ቆርጠው ይከፍታሉ። ከቀኑ ቀድሞ ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ይቀጣ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ጉድለት ነበረው። ተጠቃሚዎቹ በአስቦና በጌራ ትውልድ የሚቆጠሩ ባለርስቶች ብቻ ሲሆኑ ሌላው ነዋሪ የበይ ተመልካች ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት መብት ቀረ፤ ጓሳም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ተከልክሎ የኖረው ገበሬ ተካፋይ መሆኑ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቄሮ ሲቀር እኩል ጥንካሬ ያለው ጥበቃ አልተተካም። የመዝጊያው ጊዜ ላላ፤ ሣሩም ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር።

ተጠቃሚውም እየበዛ ሄዷል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህ በአንድ ቀበሌ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጋራ በዓመት 200 ሸክም ሣር ቢሰጥ ለ40 አባወራ 5 ሸክም ይደርሳል። ልጆች ጎጆ ወጥተው አባወራው 80 ሲሆን ድርሻው 2 ሸክም ተኩል ይሆናል። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጭዶ ምርቱ ወደ 100 ሸክም ቢወርድ ደግሞ የሚደርሰው 1 ሸክም ከሩብ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቅናሽ ያመጣው የሰው መብዛት ሲሆን ሁለተኛውን ያመጣው የደንብ መጥፋት ነው።

የጓሳ ነዋሪዎች ይህን ተገንዝበው ከየቀበሌው ተወካዮች የሚመረጡበት ኮሚቴ አቋቁመዋል። መዝጋቱና መክፈቱ እንደገና በምክክር ሆነ፤ ሥፍራውም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ። የቄሮን ጥበቃ መልሰው ቢያመጡም የባለርስት አድልዎውን ግን አልመለሱም።

የጋራ ግጦሽ፣ ደን ወይም ምንጭ ያለው ቀበሌ መሪም በቅድሚያ አራት ነገሮችን በጉባኤ ማስወሰን ይገባዋል፦ ተካፋዩ ማን ነው? የሚዘጋውና የሚከፈተው መቼ ነው? ጠባቂው ማን ነው? ቅጣቱስ ምንድን ነው? ቅጣቱ በመሪው ከብት ላይም ካልጸና ደንቡን የሚያከብረው አይገኝም።