ከቴራባይቱ በፊት የሚጠየቀው

የሕክምና ምስል የሚያጠና ቡድን ማከማቻ ሊገዛ ሲነሳ ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ቴራባይት ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው። ናስ የሚባለው የኔትወርክ ማከማቻ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው፣ በኔትወርክ ገመድ ለተመራማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይል የሚያቀርብ ሳጥን ነው። ቦታ ቢጠበው ዲስኮቹ በትልልቅ ይቀየራሉ፣ አለዚያም ሌላ ሳጥን ይታከልለታል። ለጠፋ ምስል ግን እንዲህ ያለ መላ የለም። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት «አንድ ነገር ሲበላሽ የያዘውን በስንት ጊዜ፣ እንዴትስ ይመልሳል?» ከሚለው ነው ባይ ነኝ።

የምስሎቹ ጠባይ ራሱ ወደዚህ ይመራል። አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ በተለምዶ 512 በ512 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ስለሚወስድ ቁራጩ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። የአንድ ታካሚ ደረት 300 ቁራጭ ቢወጣው 150 ሜጋባይት ነው፤ 10,000 ታካሚ ቢሰበሰብም 1.5 ቴራባይት ብቻ። ዛሬ ይህን አንድ ዲስክ ይችለዋል። ችግሩ ሆስፒታሎች በሚጠቀሙበት የዳይኮም ቅርጸት እያንዳንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ፋይል መሆኑ ነው። ያ ስብስብ እንግዲህ 3 ሚሊዮን ፋይል ነው፤ የሃርድ ዲስኩ መርፌም ለእያንዳንዱ ከቦታ ቦታ ይመላለሳል። ብሮሹሩ ላይ የሚታየው ፍጥነት ደግሞ ባብዛኛው በትልልቅ ፋይል የተለካ ነው። ገዢው በራሱ ፋይሎች ለክተው እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

አሁን አንድ ዲስክ ሞተ እንበል። ሬይድ የሚባለው አሠራር የጎደለውን ከቀሩት ዲስኮች አስልቶ በአዲሱ ላይ ይጽፈዋል። 20 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍበት 100,000 ሰከንድ፣ ማለትም 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ሌላ ሥራ ከሌለ ነው። ተመራማሪዎቹ እየሠሩ ከሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከሬይድ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ስለሚችል፣ በነዚያ ቀናት ሌላ ዲስክ ቢደገም የሁሉም ነገር መጨረሻ ነው። ዲስኮቹ ባንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል የሠሩና እኩል ያረጁ ስለሆኑ ደግሞ መደጋገሙ የማይጠበቅ አይደለም። ሁለት ዲስክ ቢሞት የሚችለው ሬይድ 6 የሚመከረው ለዚህ ነው። ሻጮች ይህን ለምን እንደ ቅንጦት እንደሚያቀርቡት አይገባኝም።

ይሁንና ሬይድ ከዲስክ ሞት እንጂ ከሰው እጅ አያድንም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ጃፓን ውስጥ ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማከማቻ 77 ቴራባይት፣ ወደ 34 ሚሊዮን ፋይል ጠፋ። አጥፊው ራሱ የባክአፕ ፕሮግራሙ ነበር። አሮጌ የሎግ ፋይሎችን የሚያጠፋው ስክሪፕት ገና እየሠራ ሳለ በተሻሻለ ቅጂ ተተካ። ይህ ዓይነቱ ስክሪፕት እየሠራ ቀጣዩን መስመር ከፋይሉ ስለሚያነብ፣ ከመሐል ጀምሮ አዲሱን ማንበብ ያዘ። የሚጸዳው ፎልደር ስም ባዶ ሆነና በሎጉ ፈንታ የተመራማሪዎቹን ፋይል ጠረገው። 14 የምርምር ቡድኖች ተጎዱ፤ የአራቱ መረጃ ከባክአፕ ሊመለስ አልቻለም። ሥርዓቱን ያቀረበው ኩባንያ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ወሰደ፤ ፋይሎቹን ግን አላመጣቸውም። እንግዲህ ሳጥኑ ማንም የማይነካው ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በአንድ ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ የሚያቆይ ቅጂ፣ መያዝ አለበት፤ ሁለተኛው ቅጂም በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ የይለፍ ቃል ይቀመጥ።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ በተለይ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ። ታዲያ ባለው ገንዘብ ግማሽ ቦታ ከነቅጂው መግዛት፣ ሙሉ ቦታ ያለቅጂ ከመግዛት ይሻላል። «ዋናው ምስል ሆስፒታሉ ጋ አለ» የሚሉም አሉ። ምስሉ ሊኖር ይችላል፤ ሐኪሙ እያንዳንዱን ዕጢ በእጁ የከለለበት ሥራ ግን እዚያ የለም፤ ከሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

ጠንካራው ክርክር የክላውዱ ነው። የብሪታንያው ዩኬ ባዮባንክ የ100,000 ሰዎችን አንጎል፣ ልብና ሆድ በኤምአርአይ ለማንሳት እ.ኤ.አ. በ2014 ተነስቶ፣ ከ2021 ጀምሮ ተመራማሪዎች መረጃውን ወደየቤታቸው በማውረድ ፈንታ እዚያው ክላውድ ላይ እንዲሠሩበት መንገድ ከፍቷል። በዓለም ዙሪያ ለተበተኑ ተጠቃሚዎች ይህ ትክክል ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ቡድን ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ 50 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር፣ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ 46 ቀን ይፈጃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ምስሎቹም የግል ዳታ ናቸው፤ በዳይኮም ፋይል ራስጌ የታካሚው ስምና የልደት ቀን ይቀመጣል፣ ከጭንቅላት ኤምአርአይም ፊት መልሶ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ክላውዱ ለሁለተኛው ቅጂ ይሁን፦ መለያው ተነስቶለት፣ ተመስጥሮ፣ ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ በየሌሊቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተላከ። ከመፈረሙ በፊትም ሻጩ አንዱን ዲስክ ነቅሎ በሌላ ይተካና ገዢው ሰዓት ይዞ ይጠብቅ።