ከጣራ ሥር ታንከር ወደ ኮምቢ ቦይለር

ኮምቢ ቦይለር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ሥራ የሚያከናውን የጋዝ ማሞቂያ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የቤቱን ክፍሎች ለሚያሞቁት ራዲያተሮች ሙቅ ውሃ ይልካል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ቧንቧው በተከፈተበት ቅጽበት እያሞቀ ያቀርባል። በአዲስ አበባ መታጠቢያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ውሃውን አስቀድሞ አሙቆ የሚያጠራቅም በመሆኑ ከዚህ መሣሪያ ጋር የሚገናኘው በስም እንጂ በአሠራር አይደለም፤ ኮምቢ ቦይለር የሚያጠራቅመው ሙቅ ውሃ የለውምና። በብሪታንያ አሮጌ ማሞቂያቸውን በኮምቢ ለመተካት የሚነሡ ቤተሰቦች ከሁሉ አስቀድመው ሊረዱት የሚገባቸውም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ማጠራቀሚያው ሲወገድ ይሸከመው የነበረው ሥራ አብሮ አይወገድም፣ ወደ ውሃ መስመሩ፣ ወደ ጋዝ ቧንቧውና ወደ ማቃጠያው ይዛወራል እንጂ።

የብሪታንያ ቤቶች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው ይሞቁ የነበረው በየክፍሉ በሚነድ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለቀናት የሸፈነውና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የጭስ ጉም ፓርላማው በ1956 የንጹሕ አየር ሕግን እንዲያወጣ ምክንያት ሆነ፤ ሕጉም በከተሞች ውስጥ ጭስ የማይፈቀድባቸው ክልሎች እንዲቋቋሙ በማድረጉ ከሰል ቀስ በቀስ ከሳሎን መውጣት ጀመረ። በ1965 በሰሜን ባሕር የብሪታንያ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ፤ ከ1967 እስከ 1977 ባሉት ዓመታትም ከድንጋይ ከሰል በሚመረተው የከተማ ጋዝ ይሠሩ የነበሩት ምድጃዎችና ማሞቂያዎች ቤት ለቤት እየተዞረ ለአዲሱ ጋዝ እንዲስማሙ ተደረገ። በዐሥር ዓመት ውስጥ የተፈጸመው ይህ ሥራ በቤት ኃይል ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ክንውኖች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ራዲያተርና የጋዝ ቦይለር ወደ ተራው ሕዝብ ቤት በብዛት የገቡት በእርሱ መሠረት ላይ ነውና።

በዚያ ዘመን የተተከለው ሥርዓት ከአንድ በላይ ማጠራቀሚያ የያዘ ነበር። ከኮርኒሱ በላይ፣ በጣራው ሥር፣ ሁለት ታንከሮች ይቀመጣሉ፤ ትልቁ ከከተማው መስመር የመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ወደ ታች ይለቃል፣ ትንሹ ደግሞ የራዲያተሮቹን መስመር ይሞላል፣ ውሃው ሲሞቅ ተስፋፍቶ የሚተርፈውንም ይቀበላል። ከእነርሱ ሥር፣ በፎቁ ላይ ባለ ቁም ሣጥን መሰል ጓዳ ውስጥ፣ የመዳብ ሲሊንደር ይቆማል፤ ቦይለሩ ያሞቀው ውሃ በሲሊንደሩ ውስጥ በተጠማዘዘ ቧንቧ እያለፈ ለመታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ያሞቃል። ቦይለሩ ራሱ በወጥ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሳሎኑ የእሳት ምድጃ ጀርባ ተሸሽጎ ይተከል ነበር። ይህ ሥርዓት የሚናቅ አልነበረም፤ ብዙ ሙቅ ውሃ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ የከተማው ውሃ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ታንከሩ ይደርሳል፣ ሲሊንደሩ ያለበት ጓዳም ሁልጊዜ ሞቃት ስለሆነ የታጠበ ልብስ ይደርቅበታል። ጉድለቱ ግን ሲሊንደሩ ማንም ሳይጠቀምበት ሌትና ቀን ሙቀት ማባከኑ፣ የተጠራቀመው ውሃ ሲያልቅም ሌላ እስኪሞቅ ድረስ መጠበቅ ግድ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የውሃው ግፊት የሚገኘው ከታንከሩ ከፍታ ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ከሻወሩ በ3 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ይሆናል።

ውሃን ሳያጠራቅሙ እግረ መንገዱን ማሞቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ቤንጃሚን ዋዲ ማውገን የተባለ የለንደን ሰው እ.ኤ.አ. በ1868 የሚፈስ ውሃን በጋዝ የሚያሞቅ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ኮምቢ ቦይለር ይህንን ሐሳብ ከራዲያተር ማሞቂያ ጋር አጣምሮ በአንድ ማቃጠያ እንዲሠራ አድርጎታል። በተለመደው አሠራሩ መሣሪያው በፓምፕ እየገፋ ሙቅ ውሃን በራዲያተሮቹ ያዞራል። አንድ ሰው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲከፍት ግን በውስጡ ያለው የፍሰት መለኪያ ይህንን ይገነዘብና አቅጣጫ ቀያሪው ቫልቭ የራዲያተሩን መንገድ ይዘጋል፤ በቦይለሩ የሞቀው ውሃም ተደራርበው በተበየዱ ስስ የብረት ሰሌዳዎች ወደተሠራ ትንሽ የሙቀት ማስተላለፊያ ይላካል። በሰሌዳዎቹ በአንደኛው ወገን የቦይለሩ ውሃ፣ በሌላኛው ወገን ከከተማው መስመር የመጣው ንጹሕ ውሃ ሳይቀላቀሉ ይተላለፋሉ፤ ሙቀቱ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቧንቧው ሲዘጋ ቫልቩ ወደ ቦታው ተመልሶ ራዲያተሮቹ ሙቀታቸውን ይቀጥላሉ። ሰው ሻወር በሚወስድበት ጊዜ ቤቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ማሞቂያ አያገኝም ማለት ነው፤ የግድግዳው ሙቀት በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ስለማይጠፋ ግን ይህ ብዙም አይታወቅም።

ዛሬ የሚተከለው ኮምቢ ሌላም ጠባይ አለው። የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ የውሃ ትነት ነው፤ አሮጌዎቹ ቦይለሮች ይህንን ትነት ከነሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይለቁት ስለነበር ከጋዙ ጉልበት አንድ ዐሥረኛ ያህሉ በትነቱ መልክ ይባክን ነበር። ኮንደንሲንግ የሚባሉት ቦይለሮች ግን ጭሱን በጣም ስለሚያቀዘቅዙት ትነቱ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ በሚለወጥበትም ጊዜ አምቆ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። በእንግሊዝና በዌልስ ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አሮጌ የጋዝ ቦይለር የሚተካው በዚህ ዓይነት እንዲሆን በደንብ ተወስኗል። ይሁን እንጂ ትነቱ ወደ ውሃ የሚመለሰው ከራዲያተሮቹ ወደ ቦይለሩ የሚመጣው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ቤቶች ቦይለራቸውን በ75 ወይም በ80 ዲግሪ አድርገው ስለሚተዉት የከፈሉበትን ጥቅም ሳያገኙ ይኖራሉ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ምንም ወጪ የማይጠይቅና ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በፊት ሊደረግ የሚገባ እርምጃ ነው፤ ክፍሎቹ ቀስ ብለው ይሞቃሉ፣ ጋዙ ግን ይቆጠባል።

አሮጌውን ሥርዓት አንሥቶ ኮምቢ መትከል ሣጥን በሣጥን መለወጥ እንዳልሆነ የሚታየው ሥራው ሲጀመር ነው። ሙቅ ውሃው ከአሁን በኋላ የሚመጣው በቀጥታ ከከተማው መስመር ስለሆነ፣ አስቀድሞ መለካት ያለበት በዚያ መስመር በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚገባ ነው። በክረምት 5 ዲግሪ ሆኖ የሚመጣን ውሃ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 24 ኪሎዋት የሚሰጥ ቦይለር በደቂቃ 10 ሊትር ያህል፣ 35 ኪሎዋት የሚሰጠው ደግሞ 14 ሊትር ያህል ማሞቅ ይችላል። ወደ ቤቱ የሚገባው ውሃ በደቂቃ 9 ሊትር ከሆነ ግን የትልቁ ቦይለር ትርፍ ጉልበት ለሻወሩ ምንም አይጨምርም፤ ገዢው የማይጠቀምበትን ገንዘብ ከፍሏል ማለት ነው። ይህንን በባልዲና በሰዓት መለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ሳይለኩ ዋጋ የሚነግሩ ሠራተኞች መኖራቸው የሚያሳዝን ነው።

ቀጥሎ የጋዙ ቧንቧ ይታያል። ለአሮጌው ቦይለር የሚበቃው 15 ሚሊሜትር ቧንቧ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋዝ ለሚፈልገው ኮምቢ ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው ጀምሮ ባለ 22 ሚሊሜትር ቧንቧ ይዘረጋል። ራዲያተሮቹም ሌላ ፈተና ይገጥማቸዋል። አሮጌው መስመር በትንሹ ታንከር በኩል ለአየር ክፍት ስለነበረ ግፊቱ አነስተኛ ነበር፤ ኮምቢው ግን ዝግ በሆነ መስመር፣ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለ ግፊት ይሠራል። ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ይዘቱ በ3 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ትርፉን የሚቀበል፣ በጎማ የተከፈለና በአንድ ወገኑ አየር የያዘ ዕቃ በቦይለሩ ውስጥ ይገኛል፤ ግፊቱ 3 ባር ከደረሰም የደኅንነት ቫልቭ ውሃውን ወደ ውጭ ይለቃል። ለዓመታት ዝቅተኛ ግፊት የለመደ የዛገ መገጣጠሚያ በዚህ ጊዜ ማንጠባጠብ ቢጀምር አያስገርምም። በራዲያተሮቹ ሥር የተከማቸው ጥቁር የዝገት ዝቃጭ ደግሞ የኮምቢውን ጠባብ የሙቀት ማስተላለፊያ ስለሚደፍን፣ መስመሩ አስቀድሞ መታጠብ፣ ዝገት የሚከላከል ኬሚካል መጨመርና ብረቱን በማግኔት የሚይዝ ማጣሪያ መተከል አለበት። ከሥራው ሁሉ በችኮላ የሚታለፈው ይህ እጥበት ነው፤ አዲስ ቦይለር ያለ ዕድሜው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱም እርሱ ነው።

ከጭሱ የሚወጣው ውሃ በመጠኑ አሲዳማ ስለሆነ በፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ፍሳሽ ይወሰዳል፤ ቧንቧው በቤቱ ውስጥ ቢያልፍ ይመረጣል። በዲሴምበር 2010 በደረሰው ብርቱ ቅዝቃዜ ብዙ የብሪታንያ ቤቶች ሙቀት በሚያስፈልጋቸው ቀን ያጡት፣ በውጭ ግድግዳ ላይ የተዘረጋው ቀጭን ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ቦይለሩን ስለዘጋው ነበር።

ስለ ቦይለሩ መጠን የሚሰጠው ምክርም ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። አንድ መካከለኛ ቤት በብርድ ቀን ራዲያተሮቹን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎዋት አይበልጥም፤ ኮምቢው ግን ለሻወር ሲባል 24 ወይም 30 ኪሎዋት ሆኖ ይመረጣል። ስለዚህ ገዢው የመሣሪያውን ከፍተኛ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ነበልባሉ እስከ ምን ድረስ ሊቀንስ እንደሚችልም መጠየቅ ይኖርበታል፤ ዝቅ ማለት የማይችል ቦይለር በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ ጋዝ ያባክናል።

ኮምቢ አንድ መታጠቢያ ላለው ትንሽ ቤት ወይም አፓርታማ የተመረጠ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም፤ ታንከሮቹና ሲሊንደሩ የያዙትን ቦታ ይለቃል፣ ማንም ያልተጠቀመበትን ውሃ አያሞቅም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሻወር በሚወስዱበት ትልቅ ቤት ግን ፍሰቱ ለሁለት ስለሚከፈል አሮጌው ሲሊንደር፣ በሚገባ ተሸፍኖ ሙቀት እንዳያፈስ ከተደረገ፣ ይሻላል። ሲሊንደሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ስለሚገጠምለት ቦይለር ሲበላሽ መታጠቢያ ውሃ አይታጣም፤ ኮምቢ ሲቆም ግን ሙቀቱም ውሃውም አብረው ይቆማሉ። ነገን የሚመለከት ምክንያትም አለ። ከውጭ አየር ሙቀት እየቀዳ ቤትን የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሙቅ ውሃ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ የብሪታንያ መንግሥትም ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጋዝ ቦይለሩን በዚህ መሣሪያ ለሚተካ ባለቤት የ7,500 ፓውንድ ድጎማ መስጠት ጀምሯል። ዛሬ ሲሊንደሩን አውጥቶ ጓዳውን ያፈረሰ ሰው ነገ እንደገና ቦታ ሊፈልግለት ይችላል።

ከዋጋና ከቦታ በላይ የሚቆመው የሕይወት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ያው ጋዝ፣ በመጥፎ ሁኔታ ከተተከለ ወይም ካልተመረመረ ቦይለርም ይወጣል። በታላቋ ብሪታንያ በጋዝ መሣሪያ ላይ እንዲሠራ ሕግ የሚፈቅድለት ከኤፕሪል 2009 ወዲህ ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ የሠፈረ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ባለሙያው ፎቶግራፉ ያለበት መታወቂያ ይይዛል፣ በጀርባውም እንዲሠራ የተፈቀደለት የሥራ ዓይነት ተጽፏል። ቤት አከራይ የጋዝ መሣሪያዎቹን በየዓመቱ በእንዲህ ዓይነት ባለሙያ ማስመርመርና የምርመራውን ወረቀት ቅጂ በ28 ቀናት ውስጥ ለተከራዩ መስጠት ግዴታው ነው። በለንደንም ሆነ በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች በኪራይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ይህንን ወረቀት ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ሠራተኛው ቦይለሩን ከመንካቱ በፊትም የመታወቂያውን ፊትና ጀርባ ይመልከቱ።