መኪና ወይስ ትራንስፖርት? ሒሳቡን ከበር እስከ በር እንሥራ

«በመኪና ሥራ መመላለስ ስንት ያስወጣል?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው የነዳጁን ብቻ ይነግረኛል። ጎማ፣ ዘይት ቅያሪ፣ ኢንሹራንስ፣ ፓርኪንግና በየዓመቱ የሚወርደው የመኪናው ዋጋ ይረሳሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጁን ያስቀራል፤ መጨናነቁን ግን አያስቀርም።

ሰዓቱንም ከቤት በር እስከ ቢሮ በር ቁጠሩት። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መስመር አጠገብ ለሚኖርና ለሚሠራ አዲስ አበቤ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ የመኪና ሰልፍ አይዘውም። በባቡርም በአውቶቡስም የሚጎዳው መጠበቁ ነው። በእኛ በትራንስፖርት ሙያ በደንብ የሚታወቅ ነገር አለ፦ ቆሞ የተጠበቀ ደቂቃ ተሳፍሮ ካለፈ ደቂቃ ይረዝማል። ተሳፋሪውን ወደ መኪና የሚገፋው፣ ከጉዞው መዘግየት በላይ፣ አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ በመኪና ሰልፍ ሳይያዝ በሰዓቱ እንዲመጣ፣ እኔ ከአዲስ አስፋልት በፊት ለአውቶቡስ የራሱ መስመር ይሰጠው ባይ ነኝ። በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈሩ 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው መኪና ይዘው ቢወጡ፣ ለአንዱ 6 ሜትር ብንይዝ እንኳ 360 ሜትር ይሰለፋሉ።

ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ፣ ዕቃ ለሚጭን ወይም ማታ አምሽቶ ለሚወጣ መኪናው ይሻላል። ሌሎቻችሁ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በትራንስፖርት ሞክሩና የወሩን ወጪ አነጻጽሩ።