ጾም፣ ጸሎትና ዕርቅ፦ ክርስቲያናዊ ጠባይ በዕለት ተዕለት ሕይወት

ክርስቲያናዊ ጠባይ በአንድ ጀምበር አይገኝም። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ከፍቅር ጀምሮ ራስን እስከ መግዛት ዘጠኝ የመንፈስ ፍሬዎችን ዘርዝሯል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፍሬውን የሚሰጠው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሰውም በየዕለቱ ልቡን ማዘጋጀት እንዳለበት ታስተምራለች። ፍትሐ ነገሥት ጸሎትን በአንቀጽ 14፣ ጾምን በአንቀጽ 15፣ ምጽዋትን በአንቀጽ 16 አከታትሎ አስቀምጧል። ሦስቱ ሲነጣጠሉ ይደክማሉ።

የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ገበሬውም ሆነ ነጋዴው ሁሉንም ቆሞ ማድረስ ይከብደዋል፤ ብዙ ምእመናን ጠዋትና ማታን አጥብቀው ይይዛሉ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የዕለቱን ክፍል ማድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከሁሉም በላይ ጠባይን የሚነካው ግን ሕፃን ሳይቀር በቃሉ የሚያውቀው አቡነ ዘበሰማያት ነው። በዚህ ጸሎት ይቅርታን የሚለምን ሰው የበደሉትን ይቅር ማለቱንም አብሮ ይናገራል። ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው ይህን በየቀኑ እየደገመ ቂሙን ተሸክሞ መቆየት ይቸግረዋል።

ጾም ደግሞ ሥጋን በቀጥታ ይገዛል። የአዋጅ አጾማት ሰባት ሲሆኑ ከሁሉም የሚረዝመው 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ነው። የረቡዕና የዓርብ ጾም የጌታን መከራ ስለሚያስታውስ፣ ከበዓለ ሃምሳ ወራት በቀር፣ በየሳምንቱ ይመለሳል። ጿሚው ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ይተዋል፤ እስከተወሰነው ሰዓትም እህል ውኃ አይቀምስም። ትልቁ ፈተና የሚመጣው ግን ረሃቡ ሲበረታ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጣ ይቀርባል፣ አንደበትም ይሾላል። ለቁጣው «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ማመካኘት የጾሙን ዓላማ መሳት ነው፤ ትዕግሥት የሚለመደው በዚያችው ሰዓት ነውና። በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ዓይንና አንደበትም ከሆድ ጋር እንዲጾሙ ይዘመራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን በብርቱ ገሥጿል። ደመወዝ እያስቀሩ ወይም የቤት ሠራተኛን እያመናጨቁ መጾም ዛሬም ከዚያው ተግሣጽ አያመልጥም።

በጾም የተረፈው ምሳም ባለቤት አለው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው የሄርማስ ኖላዊ፣ ጿሚው ያልበላውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ ምክር ከአስተሳሰብ ያለፈ የቤት ሒሳብ ስለሆነ ዛሬም ይሠራል። ርኅራኄን ስሜት እስኪመጣ ሳይጠብቁ የሚለማመዱበት መንገድ ነው።

ሰው የራሱን ጉድለት በራሱ ዓይን ብቻ አያይም። የንስሐ አባት ኑዛዜ ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ እንደ ሰውየው አቅም ስግደት፣ የመዝሙረ ዳዊት ንባብ ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጣሉ። ለታመመች፣ ላረገዘች ወይም ለምታጠባ ሴት ጾሙን ያቀልላሉ። የተጣላ ሰው ሲመጣም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደታዘዘው ከመባው አስቀድሞ እንዲታረቅ ያሳስባሉ። ለብዙ ሰው ከመቶ ስግደት ይልቅ ይህች ዕርቅ ትከብዳለች፤ ጠባይ የሚለወጠውም ብዙውን ጊዜ በእርሷ ነው።

የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴም የዚሁ ሕይወት ክፍል ናቸው። የጽዋ ማኅበርተኞች በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን በየተራ እየደገሱ ይሰበሰባሉ፤ የታመመው ይጠየቃል፣ የቀረው ይፈለጋል፣ የተኳረፉት ይሸመገላሉ። ለብቻው የዋህ የሚመስል ሰው የዋህነቱ የሚፈተነው እንዲህ ከሌላው ጋር ሲኖር ነው።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው የንስሐ አባት ከሌለው አስቀድሞ ይያዝ፤ የጸሎቱንና የጾሙን መጠን ከእርሳቸው ጋር ይወስን፤ የተጣላው ሰው ካለም ዛሬውኑ ይታረቅ።