ጭሱ ከየት መጣ?

«እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» እየተባለ ያደገ ሰው አንድን ወሬ ከሦስት ወገን ከሰማ ማመኑ አይቀርም። ጠዋት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ ከዱባይ ከምትደውለው አክስቴ። ሦስት ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ግን አክስቴ የሰማችው እዚያው ግሩፕ ውስጥ ካለው የአጎቴ ልጅ፣ የታክሲው ሰውዬም ያነበበው ያንኑ ጽሑፍ ቢሆንስ? ጭሱ ሦስት ቦታ ይታያል እንጂ ምድጃው አንድ ነው፤ እሱም ባዶ ሊሆን ይችላል።

መደጋገም ብቻውን ውሸትን እውነት ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ በታተመ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ለሦስት ዙር 60 ዓረፍተ ነገሮች እየቀረቡላቸው «ይህ እውነት ይመስላችኋል?» ተባሉ። በየዙሩ የተደገሙት፣ ውሸቶቹም ጭምር፣ ይበልጥ እየታመኑ ሄዱ።

«የተማረ ሰው አይሸወድም» የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዋ ሊሳ ፋዚዮና ባልደረቦቿ «የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ሽንሽን ጉርድ ሳሪ ይባላል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲደግሙ፣ ትክክለኛውን ስም የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ወደ ማመኑ አዘነበሉ።

«በዓይኔ አየሁት!» ከሚል ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ለዚህ ከገዛ ታሪካችን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሲደበቅ የቆየውን የወሎን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን አጋለጠው። ደርግ ፊልሙን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ፤ ሲያሳይ ግን በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ እየሰካ ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው የሚናገሩት ነገር ግን የአቀናባሪው ነው።

ዛሬ በስልካችን የሚመጣው ፎቶ ያን ያህል እንኳ አልተደከመበትም። ብዙ ጊዜ ፎቶው ያው እንደተነሳ ነው፤ ውሸቱ ያለው ከሥሩ በተጻፈው ቦታና ቀን ላይ ነው። ጉግል ሌንስ ላይ ሲያስገቡት ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ወጥቶ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘ ግን አዲስ ነው ማለት አይደለም።

«ይህን ሁሉ የሚያሰራጩት ሮቦቶች ናቸው» የሚሉም አሉ። ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሯል። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከውሸቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጅቶበታል። ሮቦቶቹ ተቀንሰው ሲሰላም ውጤቱ አልተለወጠም። ሼር የምናደርገው እኛው ነን፤ አዲስና የሚያስደነግጥ ወሬ ቀድመን መናገር ደስ ይለናል።

የቀረው «ሁሉም ሚዲያ ውሸታም ነው» የሚለው ነው። ረሃብ ሲደበቅበት ለኖረ ሕዝብ ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ እኔም አልቀልድበትም። ችግሩ፣ ሁሉንም የማያምን ሰው ወሬ መስማቱን አይተውም፤ የሚሰማውን ሰው ብቻ ይለውጣል። እርማት ያወጣ ጋዜጣ ሲያገኝም «ዋሽቶ ተያዘ» ይላል፤ ጋዜጣው ግን ስህተቱን በራሱ ስም አትሟል። በግሩፑ የተለጠፈው ጽሑፍ ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ማንም ሳያይ ይጠፋል። አክስቴ ጋ ግን ደርሷል።